ስለ «መርጋት» እና ስለ «ጽናት»፦ ፔፕታይዶች በሚሴሎችና በደቂቅ ከረጢቶች ገጽ ላይ ስለሚያሳዩት ለውጥ የቀረበ የስያሜ ማብራሪያ

1. መግቢያ

በወላይታ ሶዶ ገበያ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀርበው ቅቤ ሻጭና ገዥ ፊት ከመድረሱ በፊት ብዙ ደረጃዎችን አልፏል። ወተቱ ታልቦ፣ በታጠነ ዕቃ ውስጥ ተጠራቅሞ፣ ረግቶ እርጎ ሆኗል፤ እርጎው ተንጦ ቅቤው ወጥቷል፤ የቀረው አሬራ በዝግታ ሞቆ ወደ አይብና ወደ አጓት ተለይቷል። ይህን ሥራ የሚያከናውኑት እናቶች እያንዳንዱን ደረጃ በስሙ ይጠሩታል፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም፣ ምን ሲበዛ ምን እንደሚበላሽም ያውቃሉ። የኬሚስትሪ ምሁራን በበኩላቸው የዚህኑ ሂደት ዋና ክፍል «ፕሮቲኖችና ፔፕታይዶች በሚሴሎች ገጽ ላይ የሚያሳዩት ለውጥ» በሚል አርእስት ሥር ያጠኑታል። ነገሩ አንድ ሆኖ ሳለ አነጋገሩ ሁለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሁለቱን አነጋገሮች ማገናኘት፣ ለማገናኘትም የሚያገለግሉትን የአማርኛ ቃላት መርጦ የምርጫውን ምክንያት ለአንባብያን ማስረዳት ነው።

ለጽሑፉ መነሻ የሆነን አንድ የራሳችን ስሕተት ነው። ስለ ወተት አያያዝ የተዘጋጀ አንድ የሥልጠና ረቂቅ ለቃላት እርማት በቀረበልን ጊዜ «የኬሲን ሚሴሎች መርጋት የሚጠበቀው በገጻቸው ላይ ባለው ፕሮቲን አማካይነት ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ያለ ጥርጥር አሳለፍነው። እኛ «መርጋት» ስንል ሳይናወጡና ሳይበተኑ ባሉበት ሁኔታ መቆየትን ማለታችን ነበር። ረቂቁን ያነበበ አንድ የወላይታ ተወላጅ የወተት ሥራ ባለሙያ ግን «ይህ ፕሮቲን ወተቱን የሚያረጋው ከሆነ ትኩስ ወተት ስለምን ሳይረጋ ይቆያል?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። ጽሑፉ ሊናገር የፈለገው ፕሮቲኑ ወተቱን ከመርጋት እንደሚከላከል ነው፤ ያጸደቅነው ቃል ግን የነገሩን ተቃራኒ ተናግሯል። ስያሜ ሲሳሳት የሚሳሳተው ቃሉ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ ተምረናል፤ ትምህርቱም አብሮ ይገለበጣል።

2. ሚሴልና ደቂቅ ከረጢት

ወደ ቃላቱ ከመግባታችን በፊት ነገሮቹን ራሳቸውን ማወቅ ይገባል። የሳሙና ሞለኪውል ሁለት ጠባይ በአንድነት ይዞ ይገኛል። አንደኛው ጫፉ፣ ራስ የምንለው፣ ኤሌክትሪካዊ ሙል ስላለው ከውሃ ጋር ይስማማል፤ ሌላው ረጅም ጭራው ከቅባት ወገን በመሆኑ ከውሃ ጋር አይስማማም። ጥቂት ሳሙና በብዙ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሞለኪውሎቹ እየብቻቸው ይሟሟሉ። መጠኑ ከአንድ ከተወሰነ ወሰን ሲያልፍ ግን ጭራዎቻቸውን ወደ ውስጥ፣ ራሶቻቸውን ወደ ውጭ አድርገው በድብልብል መልክ ይሰባሰባሉ። ይህ ስብስብ ሚሴል ይባላል። ለምሳሌ ብዙ የማጠቢያ ፈሳሾች ውስጥ የሚገባው ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት የተባለው ውሁድ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ወደ 2.3 ግራም ገደማ ሲደርስ ሚሴል መሥራት ይጀምራል፤ በእያንዳንዱ ሚሴል ውስጥም ወደ 60 የሚጠጉ ሞለኪውሎች ይገኛሉ። የልብስ ቅባት በሳሙና የሚለቀው ጭራዎቹ በተሰባሰቡበት ውስጠኛ ክፍል ተሸሽጎ በውሃ ስለሚወሰድ ነው።

ይህ ጠባይ የፋብሪካ ሳሙና ብቻ አይደለም። በአገራችን ሸማ ሲታጠብበት የኖረው እንዶድ አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን የተባሉ ባለሁለት ጠባይ ሞለኪውሎች ስላሉት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ልብስ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውና ከዚያም እንዶድ የብልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ማረጋገጣቸው የታወቀ ነው። ልብሱን የሚያነጻው ባለሁለት ጠባይነት የሕያዋንን ስስ ሽፋንም ሊያውክ ይችላል ማለት ነው።

አንዳንድ ሞለኪውሎች ደግሞ አንድ ራስና ሁለት ጭራ አላቸው። እነዚህ በድብልብል መልክ ለመሰባሰብ ጭራቸው ስለሚበዛባቸው ጭራ ለጭራ ተጋጥመው ባለሁለት ድርብ ገበታ ይሠራሉ፤ ገበታውም ጠርዙ ለውሃ እንዳይጋለጥ ታጥፎ ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ውስጡ ውሃ የቋጠረ ደቂቅ ከረጢት ይገኛል። እንግሊዛዊው አሌክ ባንግሃም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንቁላል አስኳል ውስጥ ከሚገኘው ሌሲቲን እንዲህ ያሉ ከረጢቶች በቀላሉ እንደሚሠሩ አሳይተዋል። ሚሴል ውስጡ ቅባት፣ ውጭው ውሃ ነው፤ ደቂቅ ከረጢት ግን ውጩም ውስጡም ውሃ ሆኖ ቅባቱ በመካከል እንደ ግድግዳ ይቆማል። የሕያዋን ሕዋስ ሽፋንም በመሠረቱ ይኸው ባለሁለት ድርብ ግድግዳ ነው። በዚህም የተነሣ ደቂቅ ከረጢት ለሕክምና ጠቅሟል፤ በመተማና በሁመራ ቆላ፣ እንዲሁም በደቡብ የአገራችን ክፍል ለሚታየው ለካላዛር በሽታ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ አምፎቴሪሲን ቢ በእንዲህ ዓይነት ከረጢት ተይዞ የሚሰጥ ነው።

3. ወተት፤ በየቤቱ የሚገኘው ምሳሌ

ፔፕታይድ የምንለው አሚኖ አሲዶች እንደ መቁጠሪያ ተያይዘው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱ ረዝሞ የተወሰነ መልክ ሲይዝ ፕሮቲን ይባላል። በላም ወተት ውስጥ ካለው ፕሮቲን ከመቶው 80 ያህሉ ኬሲን ነው። ኬሲን በወተቱ ውስጥ እየብቻው ሟሙቶ አይገኝም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሞለኪውሎች በካልሲየም ፎስፌት ተያይዘው ወርዳቸው በአማካይ ከ100 እስከ 200 ናኖሜትር የሚሆን ክምችቶችን ይሠራሉ። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። እነዚህ ክምችቶች የኬሲን ሚሴሎች ይባላሉ፤ የወተት ንጣትም በአብዛኛው ከእነርሱና ከቅባቱ እንክብሎች ብርሃን ሲበተን የሚገኝ ነው።

ከኬሲን ዓይነቶች አንዱ፣ ካፓ ኬሲን የሚባለው፣ በሚሴሉ ገጽ ላይ ይሰፍራል። ሰንሰለቱ 169 አሚኖ አሲዶች አሉት። የፊተኛው ክፍሉ ከሚሴሉ አካል ጋር ይጣበቃል፤ የኋለኛው ክፍሉ ውሃ ወዳድና አሉታዊ ሙል ያለው በመሆኑ ከ5 እስከ 10 ናኖሜትር ያህል ወደ ውጭ እንደ ፀጉር ይዘረጋል። ሁለት ሚሴሎች ሲቀራረቡ ፀጉሮቻቸው ይገፋፋሉ፤ በዚህም ምክንያት ሳይጣበቁ በውሃው ውስጥ ተበትነው ይኖራሉ። ወተት ወተት ሆኖ የሚቆየው በዚህ የፀጉር ልብስ ነው።

ይህን ልብስ የሚገፉ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በጥጃ ሆድ ውስጥ የሚሆነው ነው። በሚጠባ ጥጃ አራተኛ ጨጓራ ውስጥ ካይሞሲን የሚባል ኢንዛይም ይመነጫል። ኢንዛይሙ ካፓ ኬሲንን በአንድ በተወሰነ ስፍራ፣ በ105ኛው ፌኒልአላኒንና በ106ኛው ሜቲዮኒን መካከል ይቆርጠዋል። ተቆርጦ የሚቀረው 64 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፔፕታይድ ወደ ውሃው ይሄዳል፤ ሚሴሉም ፀጉሩን ተላጭቶ ይቀራል። ከፀጉሩ አብዛኛው ሲቆረጥ፣ ካልሲየምና በቂ ሙቀት ካለ፣ የተላጩት ሚሴሎች እርስ በርስ ተጣብቀው ወተቱ ይረጋል። ሙቀቱ ካነሰ ግን ፀጉሩ ተቆርጦም እንኳ ወተቱ ላይረጋ ይችላል። ከዚህ የምንረዳው መቆረጡና መርጋቱ ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች መሆናቸውን ነው።

ሁለተኛው መንገድ በወላይታም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል በየቤቱ የሚሠራበት ነው። ወተቱ ሲቀመጥ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። ትኩስ ወተት ፒኤቹ 6.6 አካባቢ ነው፤ አሲዱ ሲጨምር ይህ ቁጥር ይወርዳል። ወደ 4.6 ሲቃረብ የኬሲኑ አሉታዊ ሙል በአሲዱ ይካካሳል፤ የሚሴሉ ማያያዣ የነበረው ካልሲየም ፎስፌትም ሟሙቶ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ፀጉሩ ሳይቆረጥ ኃይሉን ያጣል፤ ወተቱም ረግቶ እርጎ ይሆናል። እርጎው ሲናጥ የቅባት እንክብሎቹ ስስ ሽፋን ተቀዶ ቅባቱ ይገናኛል፤ ይህም ቅቤ ነው። አሬራው ሲሞቅ ኬሲኑ ይበልጥ ተጠባብቆ አይብ ይሆንና አጓቱ ይለያል። እንግዲህ በመጀመሪያው መንገድ አንድ የፔፕታይድ ማሰሪያ ይበጠሳል፤ በሁለተኛው ግን በኬሲኑ ሰንሰለት ላይ የሚበጠስ ማሰሪያ ሳያስፈልግ ወተቱ ይረጋል። ሁለቱም የሚጀምሩት ከገጽ ነው።

4. በገጹ ላይ የሚሆነው ነገር

በወተት የታየው ነገር ለሌሎች ሚሴሎችና ደቂቅ ከረጢቶችም ምሳሌ ይሆናል። አንድ ፔፕታይድ ወደ ገጽ ሲቀርብ የሚደርስበትን በአራት ከፍሎ ማየት ይቻላል።

አንደኛው መሳሳብ ነው። አዎንታዊ ሙል ያለው ፔፕታይድ አሉታዊ ሙል ወዳለው ገጽ ይሳባል። የባክቴሪያ ሽፋን ውጫዊ ገጽ ከእኛ ሕዋሳት ውጫዊ ገጽ ይልቅ አሉታዊ ሙል ስለሚበዛው ብዙ ፀረ ባክቴሪያ ፔፕታይዶች ባክቴሪያውን ለይተው ማጥቃት የሚችሉት በዚህ ነው።

ሁለተኛው መለጠፍ ነው። ፔፕታይዱ ከገጹ ሲደርስ ውሃ ሸሺ ክፍሎቹን ወደ ቅባቱ ያስገባል፤ ውሃ ወዳድ ክፍሎቹ በውሃው በኩል ይቀራሉ።

ሦስተኛው መልክ መለወጥ ነው። ለዚህ የታወቀው ምሳሌ በንብ መርዝ ውስጥ የሚገኘው ሜሊቲን ነው። ሜሊቲን 26 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፔፕታይድ ሲሆን ከደረቁ የንብ መርዝ ግማሹን ያህል ይይዛል። በብዙ ውሃ ውስጥ ብቻውን ሲሆን የተወሰነ ቅርጽ የለውም፤ ከሽፋን ገጽ ላይ ሲለጠፍ ግን እንደ ጥምዝ ሽቦ ይጠቀለላል፤ የጥምዙ አንድ ጎን ውሃ ሸሺ፣ ሌላው ጎን ውሃ ወዳድ ይሆናል። ቁጥሩ ጥቂት ሲሆን በገጹ ላይ ተጋድሞ ይቀመጣል፤ ሲበዛ ሽፋኑን ይበሳል፤ እጅግ ሲበዛም ሽፋኑን እንደ ሳሙና ቆራርሶ ያሟሟዋል። ንብ የነደፈው ሰው ለሚሰማው ሕመም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አራተኛው የማሰሪያ መበጠስ ወይም መፈጠር ነው። በሶዶ ዙሪያ በየቀበሌው ተበታትነው የሚኖሩ ሰዎች በአዘቦት ቀን የመገናኘታቸው ዕድል ጥቂት ነው፤ በገበያ ቀን ግን በአንድ ሜዳ ስለሚሰበሰቡ መገናኘታቸው ይበዛል። የሰዎቹ ቁጥር አልጨመረም፤ የተለወጠው የተሰበሰቡበት ስፍራ ነው። የሚሴል ገጽም እንደዚሁ ገበያ ነው። በሰፊው ውሃ ውስጥ ተበትነው የነበሩ ሞለኪውሎች በጠባብ ገጽ ላይ ስለሚሰበሰቡ አጸግብሮታቸው ይፋጠናል። ከዚህም ጋር ገጹ አሉታዊ ሙል ካለው የሃይድሮጂን አዮኖችን ስለሚስብ በገጹ አጠገብ ያለው ውሃ ከሩቁ ውሃ ይልቅ አሲድነቱ ይበረታል፤ አዎንታዊ ከሆነም የሃይድሮክሳይድ አዮኖች ይበዛሉ። ስለዚህ በአሲድ የሚካሄድ አጸግብሮት በአንደኛው ገጽ፣ በቤዝ የሚካሄደው በሌላው ገጽ ሊፈጥን ይችላል። ምሳሌው ግን ወሰን አለው፤ አንደኛው ተገናኝ በሚሴሉ ላይ ተለጥፎ ሌላው በውሃው ውስጥ ከቀረ ገጹ ማገናኘቱ ቀርቶ መለያያ ይሆናል።

5. የቃላቱ ምርጫ

ቃል በምንመርጥበት ጊዜ በመጀመሪያ ሕዝቡ የሚናገርበትን አማርኛ፣ ቀጥሎ የሌሎች የአገራችን ቋንቋዎችን ቃላት፣ ከዚያም ግእዝን እንመለከታለን፤ ከእነዚህ የሚስማማ ሲታጣ የውጭውን ቃል በፊደላችን እንቀበላለን። የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የሳይንስ ስያሜ ሥራ ብዙ ደክሞ በ1989 ዓ.ም. «የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት» ለኅትመት በቅቷል። የአሁኑ ጥናታችን በዚያ መንገድ የሚሄድ ነው።

ሀ/ መርጋት እና ጽናት። «ረጋ» በአማርኛ ሰፊ ቃል ነው። ወተት ይረጋል፣ ደም ይረጋል፤ የረጋ ውሃ፣ የረጋ ሰው፣ የረጋ አገር እንላለን። «እርጎ» የሚለው ስምም ከዚሁ የወጣ ነው፤ በግእዝ «ረግዐ» የሚለው ግሥም ሁለቱን ፍች ይዟል። የቃሉ ውስጣዊ አሳብ ከእንቅስቃሴ ማረፍ ነው። በተራ አነጋገር ይህ ስፋት ችግር የለበትም፤ አገር ረጋ ሲባል አይብ ሆነ ብሎ የሚተረጉም የለም። በኮሎይዶች ትምህርት ግን ሁለቱ ፍችዎች ፊት ለፊት ይጋጫሉ። ጥቃቅን አካሎች ሳይጣበቁ ተበትነው መቆየታቸው አንድ ነገር ነው፤ ተጣብቀው መጠጠራቸው የዚያ ፍጻሜ ነው። ለሁለቱም «መርጋት» ካልን ሕይወትንና ሞትን በአንድ ስም እንደ መጥራት ይሆናል። «መረጋጋት» ብንልም ከዚያው ሥር ስለሚወጣ አያድነንም።

ከሁለቱ አንዱ ቃሉን መልቀቅ ነበረበት። ወተት ለሚያረጉ እናቶች «መርጋት» የእነርሱ ቃል ነው፤ የቆየውም ከላቦራቶሪው በፊት ነው። ስለዚህ «መርጋት» ተጣብቆ ለመጠጠር ብቻ እንዲያገለግል፣ ሳይጣበቁ መቆየት ደግሞ «ጽናት» እንዲባል ወስነናል። «ጽናት» የሰው ምግባር ስም ነው የሚል ተቃውሞ ቀርቦልን ነበር። እኛ ግን ይህን እንደ ጥቅም አይተነዋል። የኮሎይድ ጽናት ዘለዓለማዊ አይደለም፤ ሚሴሎቹ በየጊዜው እየተጋጩ፣ ሙቀትና አሲድ እየተፈታተናቸው ለጊዜው የሚችሉት ነው። «ጽናት» የሚለውም ቃል ፈተና መኖሩን በውስጡ ይናገራል።

ለ/ ውሃ ሸሺ። በመጀመሪያ የቀረበልን «ውሃ ጠል» የሚል ነበር። በአነጋገር «ጠል» (የሚጠላ) እና «ጠል» (የማለዳ እርጥበት) በመላላትና በመጥበቅ ይለያሉ፤ ፊደላችን ግን ይህን ልዩነት ስለማያሳይ «ውሃ ጠል» የሚለውን ያነበበ ተማሪ ስለ ጤዛ የተነገረ ሊመስለው ይችላል። በተጨማሪም የቅባት ጭራ ውሃን የሚጠላ አይደለም፤ የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ አጥብቀው ስለሚያያዙ በመካከላቸው ስፍራ አጥቶ የሚገለል ነው። «ውሃ ሸሺ» ይህንንም ሙሉ በሙሉ አይገልጽም፤ ሆኖም ከጥላቻ ይልቅ መራቅን ስለሚያመለክት መርጠነዋል።

ሐ/ ደቂቅ ከረጢት። የውጭው ስም ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ትንሽ ፊኛ ማለት ነው። «ፊኛ» ግን ለሽንት መያዣው አካልና ለልጆች መጫወቻ ተይዟል፤ አየር የሞላው ነገርም ያስመስላል። «ከረጢት» ዕቃ የሚቋጠርበት ነው፤ «የሐሞት ከረጢት» በሚለው ስምም ፈሳሽ ለያዘ ነገር ተለምዷል። «ደቂቅ» የሚለው ቅጽል «ደቂቅ ዘአካል» በሚለው ስያሜ ስለሚታወቅ ጨምረነዋል።

መ/ ሚሴል። «እንክብል» የሚለው የሚዋጥ መድኃኒትን ስለሚያሳስብ ተትቷል። «ድብልብል» ለሳሙናው ስብስብ መልካም ነበር፤ ለኬሲኑ ግን አልሆነም፤ የኬሲን ሚሴል ከሳሙናው ሚሴል በአሥር እጥፍ የሚቆጠር የሚበልጥ፣ በሌላ ኃይልም የተያያዘ ነው። ቃሉን የጀመረው የዕፀዋት ተመራማሪው ካርል ኔጌሊ ነው፤ ከላቲን «ፍርፋሪ» ከሚለው ቃል አውጥቶ ለሌላ ነገር የሰጠው ስም ነበር፤ ለሳሙና የዋለው ኋላ ነው። የውጭው ቋንቋ ራሱ ሁለት ነገሮችን በአንድ ስም ጠቅልሎ ከያዘ እኛ አዲስ ቃል ፈጥረን ያንኑ መጠቅለል ብንደግም ትርፉ ጥቂት ነው። ስለዚህ «ሚሴል» እንዳለ ተወስዶ «የሳሙና ሚሴል»፣ «የኬሲን ሚሴል» እየተባለ እንዲለይ እንመክራለን።

ሠ/ ፔፕታይድ። ኤሚል ፊሸር በ1900ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ያስለመዱት ይህ ስም ከግሪክ ግሥ የመጣ ነው፤ ግሡ ማብሰልን፣ ፍሬ መብሰልን፣ ምግብ መፈጨትንም ያጠቃልላል። «በሰለ» የሚለው አማርኛም የእሳቱንና የፍሬውን መብሰል በአንድነት መያዙ የሚያስደንቅ ነው። ዳሩ ግን ፔፕታይድ ሁሉ ከመፈጨት የተገኘ ስላልሆነ ቃሉን ከመተርጐም መቀበሉን መርጠናል።

ረ/ አጸግብሮት እና መስተጋብር። በረቂቆች ውስጥ ሁለቱ ሲቀላቀሉ አይተናል። ካይሞሲን ካፓ ኬሲንን ሲቆርጥ ማሰሪያ ተበጥሶ አዲስ ነገር ስለሚገኝ ይህ «አጸግብሮት» ነው። ሜሊቲን በሽፋን ላይ ሲለጠፍና ሲጠቀለል ግን የሚበጠስ ማሰሪያ የለም፤ ይህ «መስተጋብር» ሊባል ይገባዋል። «ገጽ ላይ የሚደረግ አጸግብሮት» የሚለው አርእስት ለሁለቱም መዋል የለበትም።

6. ቃላቱና የወላይትኛ ተናጋሪ

ወላይትኛ በአካባቢው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ነው፤ አማርኛ በክልሉ የሥራ ቋንቋነቱ በጽሕፈት ቤትና በሥልጠና ያገለግላል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ፣ በ1999 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም ጭምር፣ የሳይንስ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጣል። እንግዲህ አንድ የወላይታ ልጅ ወተት ሲረጋ በእናቱ ቋንቋ ያያል፤ መመሪያውን በአማርኛ ያነባል፤ ማብራሪያውን በእንግሊዝኛ ይማራል። በመካከሉ ያለው አማርኛ የተሳሳተ ድልድይ ከሆነ ተማሪው በቤቱ የሚያውቀውን ነገር በክፍል ውስጥ ሳያውቀው ይቀራል።

እኛም ከወላይትኛ የምንማረው አለ። በዚህ ቋንቋ ወተትና ሣር በአንድ ድምፅ መጥበቅና መላላት ብቻ የሚለዩ ቃላት ናቸው፤ ወተት «ማታ» በጥብቅ ታ፣ ሣር «ማታ» በላላ ታ ይባላሉ። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላይትኛ በግእዝ ፊደል በተጻፈ ጊዜ ሁለቱ ቃላት በጽሑፍ አንድ ሆኑ፤ ኋላ በላቲን ፊደል መጻፍ ሲጀመር የጠበቀው ድምፅ በሁለት ፊደል ስለሚጻፍ ተለያዩ። «ውሃ ጠል» ላይ የደረሰብን ችግር የዚሁ ወንድም ነው። ከእንግዲህ ማንኛውም አዲስ ስያሜ ጠብቆም ላልቶም ሲነበብ የሚያሳስት መሆን አለመሆኑ አስቀድሞ እንዲፈተን ደንብ አድርገናል።

ለወላይትኛ የሚሆኑትን ስያሜዎች ግን እኛ አንፈጥርም። በ1991 ዓ.ም. ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን አቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤቶች ገብቶ ነበር። ቋንቋዎቹ የሚቀራረቡ መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን እንደዚያ የሚናገር ሰው አልነበረም። በ1992 ዓ.ም. በሶዶ በተነሣው ተቃውሞ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ከትምህርት ቤቶች ተሰበሰቡ። የቃላት ሥራ የጽሕፈት ጠረጴዛ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ባለሙያ ይህን ሊያስታውስ ይገባል። ቃል ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ሳይጠየቅ የተሠራ ቃል፣ ሥሩ የቱንም ያህል በጥናት ቢታረም፣ የሰው አፍ አይሆንም። በወላይትኛ «ዶና» የሚለው ቃል አፍንም ቋንቋንም የሚጠራ መሆኑ ለዚህ በቂ ምስክር ነው።

7. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ በተገለጸው መሠረት የሚከተሉት ስያሜዎች ለውይይት ቀርበዋል።

ባለሁለት ጠባይ ሞለኪውል፦ ውሃ ወዳድ ራስና ውሃ ሸሺ ጭራ ያለው።
ሚሴል፦ ባለሁለት ጠባይ ሞለኪውሎች የሚሠሩት ስብስብ፤ «የሳሙና» ወይም «የኬሲን» ተብሎ ይለያል።
ደቂቅ ከረጢት፦ ባለሁለት ድርብ ሽፋን ያለው፣ ውሃ የቋጠረ።
መገናኛ ገጽ፦ ሁለት የማይቀላቀሉ ነገሮች የሚገናኙበት ወሰን።
ልጠፋ፦ በገጽ ላይ መያዝ፤ ወደ ውስጥ ከመምጠጥ የተለየ።
ጽናት፦ ጥቃቅን አካሎች ሳይጣበቁ ተበትነው መቆየታቸው።
መርጋት፦ ተጣብቀው መጠጠራቸው።
መስተጋብር፦ ማሰሪያ ሳይበጠስ የሚደረግ መነካካት።
አጸግብሮት፦ ማሰሪያ ተበጥሶ ወይም ተፈጥሮ አዲስ ነገር የሚገኝበት ለውጥ።

መነሻችን የነበረው ዓረፍተ ነገርም እንዲህ ታርሟል፦ «የኬሲን ሚሴሎች ጽናት የሚጠበቀው በገጻቸው ላይ ባለው ካፓ ኬሲን ነው፤ ይህ ሲቆረጥ ወይም ሙሉን ሲያጣ ወተቱ ይረጋል።» የተለወጡት ጥቂት ቃላት፣ የተጨመረውም አንድ ሐረግ ነው፤ ሆኖም እርጎ የምታረጋ እናት ብትሰማው ከምታውቀው ጋር አይጋጭባትም። የሳይንስ ስያሜን ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ሚዛን አላገኘንም። አንባብያን፣ በተለይም በወተት ሥራና በማስተማር ላይ ያላችሁ፣ ጉድለቱን አይታችሁ ብትጽፉልን የሚቀጥለው እርማት የእናንተ ይሆናል።